ስፑሉን ጃኬቴ ላይ ላንጠልጥለው ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልድገመውና ልቀጥል። ልጅቷ ለገጣፎ ነው የምትኖረው፣ ጅቡቲ ሄዳ የዳይቪንግ ኮርስ ወስዳ መጥታለች፣ አሁን ከጓደኛዋ ጋር ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ እየወረደች ትለማመዳለች። ባለፈው ቅዳሜ 9 ሜትር ላይ ሆና የምልክት ፊኛውን (ጠላቂ ከስር ሆኖ ያለበትን ላይ ላሉት ለማሳየት አየር ሞልቶ የሚለቀውን) ስትለቅ ስፑሉ (የፊኛው ሲባጎ የተጠቀለለበት ክብ ነገር) መሽከርከር አቆመ፣ ሲባጎው ጣቷ ላይ ዞረና ወደ ላይ ጎተታት፣ እንደምንም እጇን ከፍታ ለቀቀችው፣ ስፑሉም ከነፊኛው ሄደ፣ እስካሁን አልተገኘም። ጓደኛዋ «ሁለተኛ እንዳይጠፋብሽ ጃኬትሽ ላይ ክሊፕ አርጊው» አላት፣ ጃኬት ያለው ጠላቂ የሚለብሰውን አየር የሚሞላ ጃኬት ነው። እሷም «ጋሼ፣ እውነት ላንጠልጥለው? ካልሆነስ እንዴት ልያዘው?» ብላ ነው የጠየቀችው።

ዋናውን መጀመሪያ ልበልሽ። አታንጠልጥዪው። ፊኛው ወደ ላይ እየሄደ ባለበት ሰዓት ስፑሉ ካንቺ ጋር በምንም ነገር መታሰር የለበትም፣ በክሊፕም በቀለበትም በገመድም። ከሁለት ጣትሽ ውጪ ምንም ነገር ሊይዘው አይገባም። ቅዳሜ ዕለት በሰላም የወጣሽው ስለለቀቅሽው ነው እኮ። አንቺ «አመለጠኝ» ብለሽ እንደ ጥፋት ጻፍሽው፣ እኔ ግን እዛ ጋ ስደርስ እሰይ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ያ ስፑል ጃኬትሽ ላይ ታስሮ ቢሆን ኖሮ እጅሽን ብትከፍቺም ባትከፍቺም ፊኛው አንቺን ይዞ ነበር የሚወጣው።

ጓደኛሽን አልወቅሰውም። ስፑል እዚህ አገር ሱቅ ሄደሽ የምትገዢው ነገር አይደለም፣ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላ እስኪመጣ ወራት ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ ሰው እንዳይጠፋበት ማሰሩ ይገባኛል። ግን የእቃው ጥቅም ያለው በመልቀቅሽ ላይ ነው።

እኔ ገላን ነው የምኖረው፣ ለብዙ አመት በጠላቂ ዋናተኝነት ሰርቻለሁ። ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ዙሪያ ድንጋይ የወጣባቸው ጉድጓዶች ሁሉ ውሃ ይሞላሉ፣ ልጆች ይዋኙባቸዋል፣ ከዛ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። እዛ ውሃ ውስጥ ስትገቢ ጭቃ ስለሆነ የገዛ እጅሽን አታዪም፣ መንገድሽ ሲባጎው ብቻ ነው፣ በሱ ትገቢያለሽ በሱ ትወጫለሽ። ስለዚህ ሲባጎን የምናገረው እንደ ትርፍ እቃ አይደለም። በዛው ሲባጎ ደሞ የግራ ሌባ ጣቴ ላይ እስካሁን ድረስ ነጭ መስመር አለ፣ የሱን ነገር በኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ፊኛው ለምን እንደዛ እንደሚጎትት እንይ፣ ይሄን ካልተረዳን አያያዙ ትርጉም አይሰጥም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቢጫ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ባዶውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ለመንከር ሞክሪ። ሙሉ ለሙሉ ለማስመጥ 20 ኪሎ ገደማ መጫን አለብሽ፣ አንድ ሊትር አየር ውሃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋልና። የኛ ፊኛ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው ከሆነ እንደ ስፋቱ ከ8 እስከ 15 ሊትር ይይዛል፣ እና ሲሞላ ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው፣ እሱን ነው በሁለት ጣት የያዝሽው።

በዛ ላይ እየወጣ ሲሄድ ያብጣል። ቦይል የሚባለው ሰውዬ በፈረንጆቹ 1662 ያወጣው ህግ ነው፣ ኮርስ ላይ ተምረሽዋል፣ ግፊት ሲቀንስ አየር ይሰፋል። ጅቡቲ ባህር ላይ ከ10 ሜትር የተለቀቀ አየር ላይ ሲደርስ 2 እጥፍ ይሆናል ብለው አስተምረውሻል፣ ትክክል ነው። ግን ቢሾፍቱ ባህር አይደለም! ባቦጋያ ከባህር ወለል 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ እዛ የውሃው ፊት ላይ ያለው የአየር ግፊት 0.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው እንጂ እንደ ባህሩ 1 አይደለም። ውሃው ደሞ ጨዋማ ባህር ስላልሆነ ትንሽ ይቀላል፣ 10 ሜትሩ 0.98 ባር ነው የሚጨምረው። ደምሪው፣ 10 ሜትር ላይ 1.78 ባር፣ ላይ 0.8 ባር፣ ስታካፍዪው 2.2 እጥፍ ይመጣል። ከ20 ሜትር ቢሆን ባህር ላይ 3 እጥፍ የሚሆነው ቢሾፍቱ ላይ ወደ 3.5 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን ፊኛውን ጅቡቲ እንደለመድሽው አድርገሽ ሞልተሽው ከሆነ (ጥያቄሽ ላይ «ጥሩ አድርጌ ሞላሁት» ብለሻል) ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ ከሚገባው በላይ ኃይል ይዞ ነው የሄደው። 9 ሜትር ላይ ግማሹን ብቻ ብትሞዪው ላይ ሲደርስ ሙሉ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚበቃሽ ያ ነው።

እሺ አሁን አያያዙ።

ልጅ ሆኜ ሰንዳፋ አካባቢ ነው ያደግኩት፣ ከብት እየነዳን። የወይፈን ገመድ እጃችን ላይ እንዳንጠመጥም ትልልቆቹ ሲጮሁብን ነበር የምንውለው። ልጅ ደሞ ገመድ ሲይዝ መጠምጠም ይወዳል፣ በደንብ የያዘው ይመስለዋል፣ ወይፈኑ ደንግጦ ሲፈተለክ ግን ልጁ በመዳፉ ብቻ የያዘ ከሆነ ገመዱ ሾልኮ ይሄዳል፣ የጠመጠመ ከሆነ በድንጋይ ላይ ይጎተታል። ይሄን በአይኔ አይቻለሁ። ስፑልም ያው ነው፣ የያዝሽው ነገር ካንቺ በላይ ጉልበት አለው፣ ስለዚህ አያያዝሽ እጅሽን ከፈት ስታደርጊ ብቻ በራሱ የሚሄድ አይነት መሆን አለበት።

ስፑሉ መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው አይደል። ብዙ ሰው ሌባ ጣቱን አንድ ጊዜ ሙሉውን አሻግሮ ያስገባና ስፑሉን እንደ ቀለበት ያደርገዋል። እንደዛ ሲያዝ ጥሩ ይሽከረከራል፣ እውነት ነው፣ ብዙ ጎበዝ ጠላቂዎችም እንደዛ ነው የሚይዙት። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ስፑሉ ድንገት ቢይዝ ጣትሽ በቀዳዳው ውስጥ ነው ያለው፣ ጉተታው ደሞ ወደ ላይ ነው፣ ጣትሽን ለማውጣት ግን ወደ ጎን መሳብ አለብሽ፣ በዛች ሰከንድ ይሄ አይታሰብም። እኔ የማስተምረው እንዲህ ነው፦ አውራ ጣትሽን ከአንዱ ጎን፣ መሀል ጣትሽን ከሌላው ጎን፣ ሁለቱም ጫፋቸው ብቻ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ብሎ በመሀል እንዲገናኙ፣ እንቁላል ቆንጥጠሽ እንደያዝሽ። ስፑሉ በሁለቱ ጫፎች መሀል ይሽከረከራል። ፍሬን ማድረግ ስትፈልጊ ሌባ ጣትሽን ጠርዙ ላይ ለስለስ አርገሽ ታሳርፊያለሽ። ችግር ሲመጣ ጣቶችሽን መክፈት ብቻ ነው፣ ምንም የሚያያዝ ነገር የለም። ሲባጎው የሚወጣበት በኩል ደሞ ከመዳፍሽ ተቃራኒ ወደ ውጪና ወደ ላይ ይሁን እንጂ በጣቶችሽ በኩል እንዳያልፍ። አንቺን ያጠመደሽ እሱ ይመስለኛል፣ «በጣቶቼ መሀል አሳልፌ ልቆጣጠረው ብዬ» ብለሽ ጽፈሻልና። ሲባጎውን በፍጹም በጣት አትቆጣጠሪው፣ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ናይለን በዛ ፍጥነት ሲሄድ ቆዳ ይቆርጣል። የምትቆጣጠሪው ስፑሉን ነው።

ቀለበት ካለሽ አውልቂው። ወፍራም ጓንትም እንደዛው፣ በተለይ ጫፉ ሰፋ የሚል ጓንት። የኔ ጣት ላይ ያለው ነጭ መስመር የመጣው በጓንት ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ባለ ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ስሰራ ያዘጋጁልኝ ጓንት ከእጄ ይሰፋ ነበር፣ ይሁን ብዬ ገባሁ፣ ፊኛውን ስለቅ የጓንቱ ትርፍ ጨርቅ በሲባጎውና በስፑሉ ጠርዝ መሀል ገባና ጥርቅም አደረገው። እጄን ከፈትኩት፣ ግን ጓንቱ ራሱ ነበር የተያዘው፣ ጣቴ ደሞ በቀዳዳው ውስጥ ነበር። ከ8 ሜትር እስከ 5 ሜትር ወሰደኝ፣ ከዛ ጓንቱ ወልቆ ቀረ። ያን ጊዜ እየተነፈስኩ ስለነበር ነው ሳንባዬ የተረፈው። ከዛ ቀን በኋላ ጣቴን አሻግሬ አላስገባሁም።

ሁለተኛው ነገር ውጥረቱ ነው፣ ይሄ እንኳን እናትሽ ወይ አያትሽ ጥጥ ስትፈትል አይተሽ ከሆነ ቶሎ ይገባሻል። እንዝርቱ እየሾረ እያለ ክሩ ከተወጠረ ምንም አይሆንም፣ ቀጥ ብሎ ይጠመጠማል። ለአንዲት አፍታ ከላላ ግን በራሱ ላይ ይጠቀለልና ይቋጠራል፣ ያንን መፍታት ደሞ ከመፍተሉ የበለጠ ስራ ነው። ስፑል ላይም ችግሩ የሚፈጠረው ሲባጎው ሲላላ ነው። ፊኛው ቀስ ብሎ ሲሄድ ስፑሉ ግን ባገኘው ግፊት ቀድሞ ከሾረ ትርፍ ሲባጎ ይለቃል፣ ያ ትርፍ በቀለበት በቀለበት እየሆነ እጅሽ ዙሪያ፣ ሬጉሌተርሽ (አፍሽ ላይ ያለው መተንፈሻ) ቱቦ ዙሪያ፣ የታንክሽ ራስ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዛ ፊኛው ፍጥነት ሲጨምር ያ ሁሉ ቀለበት በአንዴ ይጠብቃል። የሌባ ጣት ፍሬን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ፊኛውን ለማቆም ሳይሆን ስፑሉ ከፊኛው እንዳይቀድም። በጣም ትንሽ ነው የምትነኪው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንደምሰራው ልንገርሽ። ከምንም በፊት ትቆሚያለሽ፣ ሳትሰምጪ ሳትወጪ፣ ፊንሽን (የእግር መቅዘፊያሽን) ሳትመቺ አንድ ቦታ መቆም ካልቻልሽ ፊኛ ለመልቀቅ ገና ነሽ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ስፑሉ ላይ የሚመጣው ችግር ግማሹ የሚመነጨው እዚህ ጋ ነው። ጓደኛሽ ከጎንሽ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ከላይሽ አይደለም፣ ስራውም ሲባጎውን ማየት ነው እንጂ የራሱን ፊኛ ማውጣት አይደለም፣ ሁለት ሰው በአንዴ ሲለቅ ነው ሲባጎ ከሲባጎ የሚተሳሰረው። ከዛ ወደ ላይ ታያለሽ፣ ጀልባ አለ? ሰው አለ? ባቦጋያ ላይ እሁድ እሁድ ጀልባ ይበዛል፣ ሞተር ድምጽ ከሰማሽ ጠብቂ።

ከዛ ፊኛውን ትዘረጊዋለሽ፣ እስከዛ ተንጠልጥሎ የነበረውን ስፑል ከጃኬትሽ ዲ ሪንግ (እቃ ማንጠልጠያ ቀለበት) ትፈቺዋለሽ፣ እና ስፑሉን ያንጠለጠለውን ባለ ሁለት ራስ ክሊፕ ከስፑሉ ላይ አውልቀሽ ዲ ሪንግሽ ላይ መልሰሽ ታስቀምጫለሽ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ክሊፑ ስፑሉ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ስፑሉ ሲሾር ክሊፑም አብሮ ይዞራል፣ ጣትሽን ይመታል፣ ሲባጎ ይለቅማል፣ ወይ ደሞ ከሁሉ የከፋው ሄዶ ጃኬትሽ ላይ ራሱ ይቆለፋል። ክሊፑ ለብቻ፣ ስፑሉ ለብቻ። የሲባጎው ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት በፊኛው ማሰሪያ አሳልፈሽ ስፑሉን በቀለበቱ ውስጥ ታወጪና ታጠብቂዋለሽ፣ ይሄን እንኳን እኔ መሬት ላይ ሆኜ ነው አስሬ የምገባው፣ ውሃ ውስጥ አንድ ስራ በቀነሰ ቁጥር ጥሩ ነው።

መሙላት ላይ ስትደርሺ፣ በኦክቶፐስ (ከታንኩ በሚመጣው ትርፍ መተንፈሻ) አትሙዪ ለጊዜው። በአፍሽ ንፊው። ምክንያቱም ካንቺ ሳንባ ወጥቶ ፊኛው ውስጥ የገባ አየር ጠቅላላውን አይለውጠውም፣ አንቺ ትንሽ ትከብጃለሽ ፊኛው ትንሽ ይቀላል፣ ድምሩ ያው ነው፣ ስለዚህ ባለሽበት ትቆያለሽ። ከታንክ የመጣ አየር ግን አዲስ ጭማሪ ነው፣ ገና ሳትለቂው ማንሳት ይጀምርሻል። ግራ እጅሽ የፊኛውን ታችና ስፑሉን አብሮ ይይዛል፣ ቀኝ እጅሽ ሬጉሌተሩን አውጥቶ ይጠብቃል፣ አንድ ትልቅ ትንፋሽ፣ ሬጉሌተሩ ተመልሶ አፍሽ ውስጥ፣ ተነፈስሽ፣ ከፈለግሽ አንድ ተጨማሪ። ለ9 ሜትር ሁለት ጥሩ ትንፋሽ ከበቂ በላይ ነው። ሬጉሌተሩ አፍሽ ውስጥ ሳይመለስ ፊኛውን እንዳትለቂ።

ከዛ ክንድሽን ከፊትሽ ዘርጊ፣ ከፊትሽና ከራስሽ ከቱቦዎችሽም ራቅ ይበል፣ ሲባጎው ከፊኛው እስከ ስፑሉ በምንም ነገር ውስጥ አለማለፉን በአይንሽ ተከተዪው፣ አየር እያወጣሽ ልቀቂ። እያወጣሽ ያልኩት ለምክንያት ነው። ድንገት ቢጎትትሽ ሳንባሽ ክፍት መሆን አለበት፣ ሙሉ ትንፋሽ ይዘሽ አፍነሽ ከሆነ 1 ሜትር ተኩል የማትሞላ ከፍታ እንኳን ሳንባን ልትጎዳ ትችላለች። ሰው ደሞ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ሲሰራ ትንፋሹን ይይዛል፣ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ እንደምትይዢው ማለት ነው፣ ሳታውቂው ነው የምትይዢው። ስለዚህ ልማድ አድርጊው፣ ፊኛ መልቀቅና አየር ማውጣት አንድ ላይ።

ፊኛው ላይ ሲደርስ ስፑሉ ይቆማል፣ ያኔ ሲባጎውን በስፑሉ ጠርዝ ላይ ባለችው ቀዳዳ ወስደሽ በክሊፑ ትቆልፊዋለሽ። አሁንም ግን ጃኬትሽ ላይ አይደለም፣ በእጅሽ ነው። ለምን ብትዪ ላይ ጀልባ ቢመጣና ሲባጎውን በፕሮፔለሩ ቢለቅመው አንቺም አብረሽ ነሽ። ስትወጪ ቀስ እያልሽ በደቂቃ 9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት፣ ሲባጎውን እየጠቀለልሽ፣ ሁሌ ትንሽ ወጠር እንዳለ። 5 ሜትር ላይ ለደህንነት 3 ደቂቃሽን ስትቆሚ ፊኛው ላይ እንዳትንጠለጠዪ፣ ሲባጎውን ቀጥ የሚያደርግ ትንሽ ክብደት ብቻ። ታቹ ክፍት የሆነ ፊኛ ከሆነ ግን ጨርሶ ካላላሽው ይጋደምና አየሩ ይፈሳል፣ ስለዚህ ታቹ በቫልቭ የሚዘጋ ፊኛ ብትፈልጊ ይሻልሻል።

አሁን ደሞ ያዘ እንበል። ሁሉን በትክክል ሰርተሽም ሊይዝ ይችላል። የመጀመሪያው ነገር እጅ መክፈት ነው፣ አታስቢ፣ አትፍቺ፣ አትታገዪ፣ «ላስተካክለው» የምትዪባት ሁለት ሰከንድ ናት 3 ሜትር የምትወስድሽ። ስፑሉ ይሂድ። ፊኛው ላይ ወጥቶ ያለሽበትን ያሳያል፣ ስፑሉ ከስሩ ይንጠለጠላል፣ አንቺ ተረጋግተሽ በራስሽ ትወጪና ላይ ሆነሽ ትሰበስቢዋለሽ። ከተጠመጠመብሽ ደሞ በሌላኛው እጅሽ ከጃኬትሽ አየር ታስወጫለሽ፣ ሳታቋርጪ ትተነፍሻለሽ፣ መቁረጫሽን ታወጫለሽ። መቁረጫሽ የት ነው ያለው? እግርሽ ላይ ከሆነ በዚህ ሁኔታ አትደርሺበትም። ደረትሽ ላይ ወይ ወገብሽ ፊት ለፊት፣ በግራም በቀኝም እጅ የሚደረስበት ቦታ አድርጊው። ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ስለሚዘረጉ መቁረጫው ለዛም ያስፈልግሻል፣ ያለ መቁረጫ እዛ ውሃ ውስጥ አትግቢ።

የሲባጎው ርዝመት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስፑል 15 ሜትር፣ 30 ሜትር፣ 45 ሜትር እያለ ነው የሚመጣው። ያንቺ 15 ነው ብለሻል፣ ለ9 ሜትር ይበቃል፣ ግን ሲባጎ ሁሌ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ነፋስ ፊኛውን ወደ ጎን ይወስደዋል፣ ስለዚህ ከ10 ሜትር በታች ሆነሽ በሱ አትልቀቂ። ካለቀ በአንድ ጊዜ ነው የሚያቆመው፣ ያ ደሞ መያዝ ማለት ነው። የመጨረሻውን 3 ሜትር በማይለቅ ጥቁር ማርከር ቀቢው፣ ጥቁር ስታዪ እያለቀ ነው። ባህር ላይ፣ በተለይ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ እንደሚሄደው አይነት ኃይለኛ ጅረት ባለበት፣ 30 ሜትሩ ነው የሚያስፈልግሽ።

ልምምዱን ግቢ ውስጥ ጀምሪ። እኔ ተማሪዎቼን ገላን ግቢዬ ውስጥ ነው መጀመሪያ የማሰራቸው፣ የሰፈር ልጅ የሲባጎውን ጫፍ ይዞ አንዴ ቀስ ብሎ አንዴ በሩጫ ይሄዳል፣ ተማሪው ስፑሉን በሁለት ጣት ይዞ ይለቃል፣ እኔ ሳላስጠነቅቅ ሲባጎውን እይዘዋለሁ። ያኔ ስፑሉን የጨበጠ ተማሪ ይታወቃል፣ እጁ አብሮ ይሄዳል። የከፈተው ስፑሉ ወለል ላይ ይወድቃል፣ የምፈልገው ያንን ነው። ሃያ ጊዜ ሰላሳ ጊዜ ይወድቅ፣ እጅ ሳያስብ እስኪከፈት። ከዛ በግራ እጅ፣ ከዛ ዓይን ተጨፍኖ፣ ከዛ ነው ገንዳ፣ ከዛ ሐይቅ 5 ወይ 6 ሜትር ላይ። ሁለት ቅዳሜ ይፈጅብሻል፣ ይፍጅ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር ልናገር፣ ለገጣፎ እያልሽ ስትጽፊ ስላሳሰበኝ ነው። የዳይቪንግ ኮምፒውተርሽ (እጅሽ ላይ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥርልሽ) ከፍታ ላይ መሆንሽን ያውቃል? ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ሁሉ እንደ ከፍታ ዳይቪንግ ነው የሚቆጠረው፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ይለካል አንዳንዱ ግን አንቺ ነሽ የምታስገቢለት፣ መመሪያውን እዪ። ሌላው ደሞ ቢሾፍቱ ጠልቀሽ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ መንዳት ማለት ወደ 500 ሜትር መውጣት ነው፣ ወደ ሱሉልታ ወይ እንጦጦ ከሆነማ ከዛም በላይ፣ ከፍ ስትዪ ግፊት ይቀንሳል፣ ጠልቀሽ ሰውነትሽ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ደሞ አረፋ ሊሆን ይችላል። ከውሃ ወጥተሽ ምሳሽን ብዪ፣ ቆዪ፣ አትቸኩዪ። ከጅቡቲ ስትመለሺማ የባሰ ነው፣ አውሮፕላን ላይ አለመቸኮል ሰው ያውቃል፣ በፈረንጆቹ 2002 የወጣው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅሽ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመሽ ከጠለቅሽ ደሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆይተሽ ነው የምትበሪው ይላል። ባቡሩን ግን ሰው «መሬት ነው» ብሎ ይንቀዋል። ባቡሩ ከባህር ዳርቻ ተነስቶ ለቡ ጣቢያ ሲያደርስሽ ከ2000 ሜትር በላይ ወጥተሻል እኮ፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊትም ቢበዛ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ነው፣ ከኛ ከተማ አየር ብዙም አይለይም። ስለዚህ ለባቡሩም እንደ አውሮፕላኑ ጠብቂ።

የጠፋው ስፑልሽን በተመለከተ፣ ተስፋ አትቁረጪ። ባቦጋያ መውጫ የሌለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው፣ የሚወስደው ወንዝ የለም። ፊኛው አየሩን ካላፈሰሰ ነፋስ አንዱ ዳር ላይ ነው የሚጥለው፣ ከሳር ከቅርንጫፍ ተያይዞ ይቀመጣል። ጠዋት ማልደሽ ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቂ፣ ብርቱካናማ ረጅም ፊኛ በያቸው፣ እነሱ ውሃው ላይ ያለ አዲስ ነገር አያመልጣቸውም፣ ላገኘው ሰው የሻይ የምትሰጪው ነገር ያዢ። ስታገኚው ደሞ እንዳለ መልሰሽ አትጠቅልዪው። ሙሉ በሙሉ ፍቺው፣ ከአጥር እስከ አጥር ዘርጊና በጣቶችሽ መሀል ቀስ እያልሽ አሳልፊው፣ የሻከረ ወይ የሳሳ ቦታ ካገኘሽ እዛ ላይ ቁረጪና ያጠረውን ርዝመት መዝግቢ፣ የስፑሉን ጠርዝም በጥፍርሽ ዳሺ፣ የተሰነጠቀ ወይ ሸካራ ነገር ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ ቅዳሜ ያስያዘሽ እሱም ሊሆን ይችላልና። ከዛ ወጠር አድርገሽ፣ ሳይደራረብ፣ ከጠርዙ ሳይሞላ ጠቅልዪው።